ምንገዷቸውና ቁልቁለቱ

ታንጉት ውሻዋን በአንሶላ አዝላ ወደ ክሊኒኩ ስትገባ፣ በጎቻቸውን ለክትባት ይዘው በር ላይ የተሰለፉት ገበሬዎች ሳቁ።

«ክርስትና ልታስነሺው ነው?» አላት አንዱ።

«አዎ። አንተን የክርስትና አባት ላደርግህ ነበር፣ ውሻው እንቢ አለ» አለችና ሰልፉን ጥሳ ገባች።

በዚያ ወር ሁሉን እንቅ ነበር። ገበሬውን፣ በጉን፣ ማቀዝቀዣው የተበላሸውን ክሊኒክ፣ ከሁሉም በላይ ቡዳፔስት ሰባት ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ደባርቅ ላይ የበግ ጆሮ ለመብሳት የተመለሰውን ራሴን። የማልንቀው አንድ ሰው ቢኖር ታንጉት ነበረች። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

«አውርጂው» አልኳት።

«መጀመሪያ እንደምን አደርሽ ይባላል።»

«እንደምን አደርሽ። አውርጂው።»

ስምንት ወር የሞላው ቀይ ውሻ ነው፤ ስሙ ምንገዷቸው። እኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፣ ለሰፈሩ ነው። ታንጉት ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ቆማ «ምንገዷቸው! ኧረ ምንገዷቸው!» ብላ ስትጣራ፣ ለማን እንደተባለ ጎረቤቶቿ በደንብ ያውቁታል። አባቷ አቶ ሰጠኝ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ቆዳ ይፍቃሉ፣ ያለፋሉ፣ ይሰፋሉ። ተራራ ለሚወጣ ቱሪስት በቅሎ የሚያከራይ ሁሉ ኮርቻውን ከእሳቸው ይገዛል፤ ከቤታቸው ግን ውኃ አይጠጣም። ፋቂ ይሏቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ቡዳ ይሏቸዋል።

ከአምስት ወር በፊት ሊማሊሞ ላይ የጭነት መኪና የቡችላውን የግራ የፊት እግር ፈጨው። እግሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ይህንንም ለሰሚው ሁሉ መናገር አልሰለቸኝም። ለታንጉት «በሦስት ሳምንት ይሮጣል» አልኳት። ፋሻ ለማስቀየር በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣ ነበር። ፋሻው አያስፈልግም ካልኩ በኋላም መምጣቷን አላቆመችም። እኔም የዚያን ጊዜ ነው ጢሜን በየቀኑ መላጨት የጀመርኩት።

ጠረጴዛው ላይ ሲቆም ተንቀጠቀጠ። የቀረችውን የእግሩን ቁራጭ በአንዲት የቆዳ ከረጢት ሸፍነውለታል።

«ይሄን ምን አለበሳችሁት?»

«የበግ ቆዳ ነው። አባቴ ነው የሰፋለት። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ነው፣ እንዳያደማው።»

«ቆሻሻ ነው» አልኩና በሁለት ጣቴ አንሥቼ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት።

ባልዲውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

የቁራጩ ጫፍ ተልጦ ይደማል። ጤነኛዋ የፊት እግሩም ከአንጓዋ ላይ ወደ መሬት ተኝታለች፤ የስምንት ወር ልጅ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ ውሻ።

«ዳገት ላይ ምንም አይለውም» አለች። «ከፍየል ይቀድማል። የሚገለው ቁልቁለት ነው። ሲወርድ በዚህች በቁራጯ መሬት ልርገጥ ይላል፤ አትደርስለትም፤ በአፍንጫው ይተከላል። አባቴ ምን አለ መሰለህ? በቅሎም ስትወርድ ጭነቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ ነው የሚመጣው፣ ትከሻ ከሌለ ምኑን ይችለዋል አለ።»

ፊደል ያልቆጠሩት አቶ ሰጠኝ ትክክል ነበሩ። የውሻ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው። የፊት እግር ሲቆረጥ ከነትከሻው ይነሣል እንጂ ግማሹ አይተውም። ይህንን በሁለተኛ ዓመቴ ተምሬዋለሁ፤ ለታንጉትም ይህንኑ ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምለታል ብዬ። ቡዳፔስት አንድ ፕሮፌሰር አውቃለሁ፣ ይልካሉ ብዬ…»

«ላኩ?»

«አልመለሱልኝም።»

«አምስት ወር?»

«እንደገና እቆርጠዋለሁ፣ ታንጉት። ከትከሻው አንሥቼ…»

«ይሄ ውሻ እኮ ሸንኮራ አይደለም!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን አወረደች። «መቼ?»

«ሰኞ። እሑድ ሽማግሌዎቹ እናንተ ቤት ይመጡ የለ? በማግስቱ አምጪው።»

ሽማግሌ የሚለውን ስትሰማ ቁጣው ከፊቷ ወረደ። እጇን ውሻው ጀርባ ላይ በነበረው እጄ ላይ አሳረፈች።

«አባትህ እሺ ያሉት፣ እኛ ማን እንደሆንን እያወቁ ነው?»

«እያወቁ ነው።»

እጇን ጠበቅ አደረገች። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሰረቅሁት ደስታ ነበርና።

* * *

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዳባት ዜማ ያስተምራሉ። ስለ ታንጉት የነገርኳቸው እሷ ክሊኒክ ከመምጣቷ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ደቀ መዛሙርቱን አሰናብተው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ነበር።

«የማን ልጅ ናት?»

«የአቶ ሰጠኝ።»

«የትኛው ሰጠኝ?»

«የደባርቁ። በቅሎ የሚያከራዩት፣ ለቱሪስት።»

አልዋሸሁም፤ አቶ ሰጠኝ ሁለት በቅሎ አላቸው።

«ነጋዴ» አሉ አባቴ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ከንፈራቸውን ሰብስበው። «ይሁን። ሰባት ቤት ቆጥራችኋል?»

«ዝምድና የለንም፣ አባባ።»

«ከነጋዴ ጋር ዝምድና ከየት ይመጣል!» አሉና ደባርቅ የሚያውቋቸውን ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስን ከሁለት ሰዎች ጋር ለመላክ ተስማሙ።

በልቤ ሳቅሁባቸው። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ! አልኩ። ታንጉት ክሊኒክ በመጣች ማግስት ዳባት ሆኜ የጻፍኩትን ደብዳቤ ግን እሳቸው እንኳ አይጽፉትም ነበር። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር በወረቀት ጻፍኩና ለሚኒባስ ሾፌሩ ለሰብስቤ ሰጠሁት።

«ታንጉቴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። የድሮ ሰዎች ናቸውና፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ የተዘፈዘፈውን ቆዳና መፋቂያውን ከግቢ ብታርቁት። ጋሽ ሰጠኝም ስለ በቅሎዎቹ ቢያወሩ ይበቃል። ምንገዷቸውን ላይኛው ቤት፣ አክስትሽ ጋ እሰሪው፤ ቄሱ ውሻ ልብሳቸውን ከነካው ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ያንቺው ቴዎፍሎስ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጨዋ ደብዳቤ መሰለኝ።

መልሱ በማግስቱ በዚያው ሚኒባስ፣ በራሴው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ መጣ። «ለአባቴ አነበብኩለት። እናርቀዋለን አለ።» ሌላ ቃል የለውም። ስሟንም አልጻፈችም። እኔ ግን በደስታ ወረቀቱን አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትኩት፣ ቀኑን ሙሉም በእጄ እየነካካሁት ዋልኩ።

* * *

ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። እነታንጉት ግቢ ከበላዩ ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለው፤ አናቱ ላይ የአክስቷ ቤትና ጥቂት ባሕር ዛፎች አሉ። ከቅዳሴ በፊት ወጥቼ ከዛፎቹ ጀርባ ቆምኩ። ምንገዷቸው አጥሩ ሥር በገመድ ታስሮ ነበር። ሲያየኝ ጭራውን ቆላ። ለምን እንደታሰረ ቢያውቅ አይቆላም ነበር።

ግቢው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆዳ የሚዘፈዘፍበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘውበታል። አቶ ሰጠኝ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ሥራ የፈታውን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው በር ላይ ይቁነጠነጣሉ። ባለቤቱ የሞተበት ግቢ ይመስል ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት አምሯል አልኩ።

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ዘርግተው በበቅሏቸው መጡ። አብረው የተላኩት አቶ ቢራራና ሌላ አንድ ሰው በእግር ተከተሏቸው። በቆሙበት እንዲቀመጡ ተለመኑ፣ ደጁ ላይ በተዘረጋው አግዳሚ ተቀመጡ፤ ጠላ ተቀዳላቸው። መልስ እስኪያገኙ አይቀምሱምና ብርጭቆዎቹ በፊታቸው ተደረደሩ። ታንጉት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጥታ እጅ ነሣች። «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ድምፅዋ እስከ እኛ ተሰማ።

ውሻው ድምፅዋን ሲሰማ ገመዱን በጠሰ።

ቁልቁለቱን በሦስት እግሩ ጀመረው። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ ራሱን አሸነፈውና ወደ ፊት። ያቺን ቁራጭ ዘረጋት፤ መሬት ግን እሷ ከምትደርስበት በታች ነበር። በአፍንጫው ተተከለ፣ ተገለበጠ፣ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጩኸቱ የሕፃን ነበር።

ታንጉት የቄሱን ንግግር መሐል ላይ ትታ ወደ ላይ ሮጠች።

እኔ ከዛፉ ጀርባ ነበርኩ። ከውሻው እስከ እኔ ሃያ እርምጃ አይሞላም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ልጁ መታየት የለበትም፣ ነውር ነው፣ ነገሩ ይበላሻል አልኩ ለራሴ። ነውር! ባሕልን ሁሉ ሳፌዝበት የኖርኩት ሰውዬ የዚያን ጊዜ ባሕል ትዝ አለኝ። ዛፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ደርሳ አቀፈችው። ቀና ስትል አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለኸው?»

«አሁን ነው… አሁን መጥቼ…»

«እግርህ ሥር ያለው ሣር ተደፍጥጦ አልቋል። ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«ሲወድቅ አየኸው?»

«አየሁት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለረጅም ጊዜ የጠረጠረችው ነገር እንደተረጋገጠላት።

«ታንጉት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው እኮ…»

«አባትህ አያውቁም አይደል?»

«አያውቁም።»

«ጎረቤቴ ቡዳ ይለኛል። ሲያየኝ ልጁን ይሸፍናል። ግን ሰውዬው ያምንበታል፤ ፈርቶ ነው። አንተ አታምንበትም። ተምረሃል። ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ እያወቅህ ነው አባቴን የደበቅኸው! ከእሱና ከአንተ ማን ይሻላል?»

«እኔ አባትሽን…»

«ዝም በል። አባቴ ትናንት አርባ ዓመት የሠራበትን መሣሪያ በጆንያ ጠቅልሎ ጎረቤት ወሰደ። አላስቀምጥም አሉት። ተመልሶ በበቅሎዎቹ ገለባ ሥር ቀበረው። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ልጁ ሐኪም ነው፤ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው እንዲህ ያለው› አለኝ። ‹ቢያውቅ ነው!›» የውሻው ደም በነጩ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። «እወድህ ነበር እኮ። የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው።»

«ስጪኝ፣ እየደማ ነው።»

«ያዝ» አለች። «ሐኪምነት ብቻ ነው ያለህ። እሱንም ግማሽ እየቆረጥክ።»

ውሻውን ተቀብዬ ቁልቁለቱን ስወርድ ከኋላዬ እርምጃዋን እሰማ ነበር። እንድትሰድበኝ ተመኘሁ።

ከታች ሁሉም ቆመዋል።

«ልጅ ቴዎፍሎስ! ምን ልትሠራ መጣህ? ነውር አይደለም?» አሉ አቶ ቢራራ። ቄሱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከውሻው ሸሹ።

«ጋሽ ሰጠኝ» አልኩ፣ «የሚሠሩበትን ጣውላ ያምጡልኝ፣ ውሻውን ላስተኛበት። ለስላሳ ጠፍርም ካለዎት።»

አቶ ሰጠኝ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። አልተንቀሳቀሱም። ለእኔ ብለው፣ አሁንም ሊደብቁልኝ ነበር።

«የምን ጣውላ ነው?» አሉ ቄሱ።

«የቆዳ መሥሪያ ጣውላ ነው፣ አባ። እኚህ ሰው ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ቆዳ ይፍቃሉ፣ ያለፋሉ። አርቁት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴንም እርስዎንም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ወደ ጠላ ብርጭቆዎቹ ዞረው አዩ። ሦስቱም ሙሉ ናቸው።

«ተመስገን» አሉ። «ሳንቀምስ።»

አቶ ሰጠኝ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሰውየው ለካ ረጅም ናቸው።

«አባ» አሉ ረጋ ብለው፣ «የመጡባት በቅሎ ኮርቻ የኔ ሥራ ነው። በእግርዎ ነው የሚመለሱት?»

ቄሱ ወደ በቅሏቸው ሄደው ኮርቻው ላይ ወጡ፤ ሁለቱም ሰዎች ተከተሏቸው።

ጣውላው ከገለባው ሥር ወጣ። አቶ ሰጠኝ የውሻውን ራስ ያዙልኝ፣ እኔ ቁስሉን አሰርኩ። የእሳቸው እጅ ከእኔ እጅ ይልቅ የረጋ ነበር። ስጨርስ «መልስዎን…» ብዬ ጀመርኩ።

«የምመልሰው ለሽማግሌ ነበር» አሉ። «ሽማግሌ ሄዷል።» ጋቢያቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ታንጉት እስከ በር ሸኘችኝ። ፊት ለፊት አላየችኝም።

«ነገ እግሩን ታነሣለታለህ። ሙሉውን።»

«አነሣለታለሁ።»

«ቅዳሜ አባቴ ዳባት ገበያ ይወጣል። የሚቀመጠው አባትህ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በሚያልፉበት ነው። ቆዳውን ዘርግቶ ጠፍር ሲቆርጥ ጫፉን የሚይዝለት ሰው የለውም። የምይዝለት እኔ ነበርኩ።» በሩን መዝጋት ጀመረች። «በዚህ ቅዳሜ ግን አልሄድም።»

ና አላለችኝም። ከእሷ ቃል ሁሉ ያመመኝ ይህ ያልተባለው ነው።

* * *

ሰኞ ቀዶ ሕክምናውን ሠራሁ። ከትከሻው፣ እንደሚገባው፣ ለማንም ሳላወራ። ምንገዷቸውን አዝላ ስትወጣ «አመሰግናለሁ ዶክተር» አለችኝ። ዶክተር! ከዚያ በፊት ጠርታኝ በማታውቀው ስም።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩ። አዲስ አበባ እገባለሁ አልኩ፣ ተመልሼ ቡዳፔስት እሄዳለሁ አልኩ። ቅዳሜ ግን ዳባት ገበያ ነበርኩ። አቶ ሰጠኝ ሲያዩኝ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁም። የርጥቡን ቆዳ ጫፍ አሳዩኝ፤ ያዝኩት። ይከረፋል። ካራቸውን ስለው በአንድ መስመር ይስቡት ጀመር።

«ዶክተር፣ ጫማ ልትሰፋ ነው?» አለ አንድ የማውቀው።

«ኧረ እንዳይበላህ፣ ሽሽ!» አለ ጓደኛው። ሳቁ ወፍራም ነበር። የመሪጌታ ልጅ ፋቂ ሆነ የሚለው ወሬ በርበሬ ተራ ሲደርስ በጆሮዬ ሰማሁት።

አባቴ ሁለት ተማሪዎች አስከትለው መጡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ እርምጃቸው እንደ ወትሮው የተለካ። ሲያዩኝ ቆሙ።

«ቴዎፍሎስ።»

«አባባ።»

«ጣለው።»

የአቶ ሰጠኝ ካራ ቆመ። ገበያው ሁሉ የቆመ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንቃቸው የኖርኳቸው ሰው ናቸው፤ ይህን አንድ ቃል ሲሉ ግን እንደ ልጅነቴ ልታዘዛቸው ቃጣኝ። ጣቶቼ ሊላቀቁ ነበር።

«ከለቀቅሁት ይጣመማል፣ አባባ» አልኩ።

እጄን አዩ፣ ቆዳውን አዩ፣ ፊቴን ግን አላዩም። «በወዲያ በኩል እንሂድ» አሉ ለተማሪዎቻቸው። ጀርባቸው ሕዝቡ መሐል እስኪጠፋ አየሁት። ነፃ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ነፃነት ሳይሆን ብርድ ነው የተሰማኝ።

«በደንብ ያዝ» አሉኝ አቶ ሰጠኝ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ወደ አንተ ሳበው።»

ስስበው ቆዳው ከወዲያ በኩል ተወጠረ። ቀና አልኩ። ታንጉት ሌላውን ጫፍ ይዛለች። ከመቼ ጀምሮ ገበያው ውስጥ ሆና ታየኝ እንደነበር አላውቅም።

«አልሄድም ብለሽ ነበር።»

«አንተም ብዙ ነገር ብለህ ነበር።» ቆዳውን አጠበቀችው። «ትናንት ምንገዷቸው ቁልቁለቱን ወረደ። ሁለቴ ወደቀ፤ ከዚያ በአግድም በአግድም እያለ፣ በቅሎ እንደምትወርደው። የሌለ እግር መፈለጉን ተወ።»

የቆዳውን ጫፍ እጄ ላይ አንድ ዙር ጠመጠምኩት።

«ቴዎ፣ አሁንም እንቅሃለሁ። እንድታውቀው ነው።»

«እስከ መቼ?»

የአባቷ ዘንቢል ጎን የተከመረውን ያልተቆረጠ ቆዳ በዓይኗ ቆጠረችው።

«እንጃ» አለች። «ገና ብዙ አለ። ያዝ።»

ያዝኩ። ዓይኗ ውስጥ ንቀቷ እንዳለ ነበር፤ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።